የዶሮው ቅባትና የአማቴ እንፋሎት

ባለቤቴ ኬክ ጋጋሪ ናት። ለኦቨኗ አንድ ሕግ ብቻ አላት፤ ዱቄት፣ ስኳር፣ ቅቤና እንቁላል ካልሆነ ሌላ ፍጡር አይገባበትም። ሕጉን ያወጀችው ኦቨኑ ቤት በገባበት ቀን፣ ካርቶኑ ገና ሳሎን መሀል ቆሞ ሳለ ነው። ያን ጊዜ እኔም እጄን አንሥቼ ደግፌአለሁ።

ዓርብ ዕለት ሕጉን ጣስኩት።

እኔ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነኝ። ሌሎች የጻፉትን አንብቤ የተሳሳተውን አቀናለሁ። ዓርብ የሚታረም ስላልነበረ ከረፋዱ ላይ ወደ ቤት ተለቀቅኩ። ባለቤቴ አባቷን ዓይን ሐኪም ዘንድ ይዛ ወጥታለች፤ እስከ ማታ አይመለሱም። ፍሪጁ ውስጥ አንዲት ዶሮ አለች። መጽሐፍ የሚጠርዘው ባልደረባዬ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ በኦቨን ስለተጠበሰ ዶሮ ሲያወራልኝ፣ ቆዳው ጥርስ ላይ እንዴት እንደሚንኮሻኮሽ በአፉ ድምፅ እያሰማ ሲያሳየኝ ነው የከረመው። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ያደረገው ሆዴ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ዶሮዋ ግሩም ነበረች፤ ይህን መካድ አልችልም። ስትጠበስ ግን ቅባቷን በአራቱም ማዕዘን ስትረጭ ነው የቆየችው። ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ መስታወቱ፣ ከኋላ ያለው ማራገቢያ ሳይቀር ቡናማ ጠቃጠቆ ሆኗል። በእርጥብ ጨርቅ ስወለውለው ጠቃጠቆው ጠፋና ሁሉም ወጥ ቡናማ ሆነ። አጥንቱን ሦስት መንገድ ተሻግሬ ጣልኩ። መስኮቶቹን ሁሉ ከፈትኩ። ከዚያ ጋዜጣ ይዤ እንደ ጨዋ ሰው ተቀመጥኩ።

ማታ ባለቤቴ ገባች፤ ገና ከበሩ ሦስት ጊዜ አስነጠሰች።

«የሐኪም ቤቱ ወረፋ ጉንፋን አስታቀፈኝ» አለች በተዘጋ አፍንጫዋ። «ምንም አይሸተኝም። የቫኒላውን ጠርሙስ አሸተትኩት፤ ውሃ መሰለኝ።»

በልቤ ተመስገን አልኩ። ቀጥላ የተናገረችው ግን ምስጋናዬን አደረቀው።

«ነገ አፍንጫዬ አንተ ነህ። ሰውዬው ይመጣል።»

ሰውዬው ማለት የትልቁ ሠርግ አዳራሽ ሥራ አስኪያጅ ነው። የከተማው ጋጋሪዎች ግን «አፍንጫው» ይሉታል። የአንዷን ጋጋሪ ኬክ ቀርቦ አሽትቶ «ይህ የተቆረጠበት ቢላዋ ትናንት ሽንኩርት ቆርጧል» ብሎ ሳይቀምስ ወጥቷል። ሌላኛዋን ደግሞ «ክሬሙ ከዓሣ አጠገብ አድሯል» ብሏታል፤ አድሮም ነበር። ባለቤቴ ይህ ሰው ቤቷ መጥቶ ኬኳን እንዲቀምስላት ሁለት ዓመት ሙሉ ስትለምን ኖራለች። ከወደደው የአዳራሹ የሠርግ ኬክ በሙሉ የእሷ ይሆናል፤ የልደት ኬክ ላይ ኳስና መኪና መሣል ይቀርላታል። ካልወደደው ሁለተኛ አይመጣም። እሱ ለማንም ሁለተኛ ዕድል ሰጥቶ አያውቅም።

እንግዲህ እንዲህ ያለው አፍንጫ፣ ዶሮ በተጠበሰበት ኦቨን የተጋገረ የቫኒላ ኬክ ሊያሸት ነው። ጋጋሪዋ ደግሞ የገዛ ኦቨኗን ማሽተት አትችልም። የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ባለቤቴ ቦርሳዋን አንጠለጠለች።

«ትኩስ እንቁላል፣ ክሬምና ካርቶን ገዝቼ አምስት ሰዓት እመለሳለሁ። አምስት ተኩል ላይ ኬኩ ኦቨን ይገባል። ዘጠኝ ሰዓት ሰውዬው ይመጣል» አለች። ደግሞ አስነጠሰች። «አባዬን እንዳትቀሰቅስብኝ፤ የዓይን ጠብታው ያደክመዋል።»

በሩ እንደተዘጋ የኦቨኑን መመሪያ ከመሳቢያ አወጣሁ። ገጽ ሃያ ሦስት፣ በእንፋሎት ማጽዳት። አንድ ብርጭቆ ውሃ ከጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጋር ከኦቨኑ ወለል ላይ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ያፍስሱ። በሩን ዘግተው የእንፋሎቱን ምልክት ይምረጡ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ። ጥሪው ሲሰማ ለእጅ እስኪመች ብቻ ጠብቀው፣ ለብ እያለ በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ገጽ አይቼ አላውቅም። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ተንበርክኬ ውሃውን ማፍሰስ ጀመርኩ።

«ምን እያፈሰስክ ነው?»

አማቴ በፒጃማ ከኋላዬ ቆመዋል።

አማቴን ላስተዋውቃችሁ። ጡረታ ከወጡ ሁለት ወር ሆኗቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል የቦይለር ክፍል ተረኛ ነበሩ። አንሶላው የሚታጠብበትን፣ የቀዶ ጥገናው መሣሪያ የሚቀቀልበትን፣ የሕሙማኑ ሾርባ የሚፈላበትን እንፋሎት ሁሉ የላኩት እሳቸው ናቸው። ልጃቸውን ካገባሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እስከዚያች ጠዋት የነገሩኝ ቃል ተሰብስቦ ቢታተም አንድ ገጽ አይሞላም። ሥራዬን የጠየቁኝ ቀን «ሰው የጻፈውን ታነባለህ?» አሉኝ። «አዎ አባባ» አልኩ። «ለዚህ ይከፍሉሃል?» «ይከፍሉኛል።» ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ወሬያችን ያኔ አልቋል።

«ውሃ ነው፣ አባባ» አልኩ።

«ኦቨን ውስጥ?»

«ይሞቅና እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎቱ ቆሻሻውን ያላቅቀዋል።»

«እንፋሎት» አሉ። ቃሉን ያሉበት ድምፅ፣ ሰው የድሮ ወዳጁን ስም መንገድ ላይ ሲሰማ የሚያወጣው ዓይነት ነበር። ጎንበስ አሉ። «ስንት ባር ነው?»

«ምኑ?»

«ግፊቱ ነዋ! መለኪያው፣ ጌጁ የታለ?»

«ጌጅ የለውም፣ አባባ።»

«የደኅንነት ቫልቩስ?»

«ያለው አይመስለኝም።»

ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ጌጅ የሌለው፣ ቫልቭ የሌለው ነገር ውስጥ፣ እኔ ከግድግዳው ወዲያ ተኝቼ ሳለ፣ ብቻህን እንፋሎት ልታስነሣ ነበር?»

ከዚህ በኋላ መደበቅ አልቻልኩም። ስለ ዶሮዋ፣ ስለ ጨርቁ፣ ስለ አጥንቱ፣ ስለ አፍንጫው ሁሉንም ተናዘዝኩ። አማቴ ፊታቸውን ሳይለውጡ ሰሙኝ።

«ልጄ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ሰዓቱ ስንት ነው?»

«ሁለት ተኩል።»

«በቃ» አሉ። «እንፋሎት ያለ ተረኛ አይነሣም። ጠብቀኝ።»

ሲመለሱ ፒጃማቸው ላይ ግራጫ የሥራ ካፖርታቸውን ደርበዋል፤ ደረት ኪሱ ላይ የሆስፒታሉ ምልክት ደብዝዞ ይታያል። ጣታቸውን የቧንቧ ውሃ ውስጥ ነክረው ቀመሱ። «ኖራ አለው» አሉ፣ ግን አለፉት። ዓይናቸው ለሳምንት ማንበብ ስላልተፈቀደለት መመሪያውን እኔ አነበብኩላቸው። ከዚያ አንድ አሮጌ ፖስታና እርሳስ አስይዘውኝ ከኦቨኑ ፊት እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ቆሙ።

«ጻፍ። ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት። እሳት ተለኮሰ።»

«አባባ፣ ኤሌክትሪክ ነው።»

«ኤሌክትሪክ ተለኮሰ ብለህ ጻፍ።»

ጻፍኩ።

«አንተ በሩ ጋ ሁን። እንፋሎት ላይ እያለን ማንም አይገባም።»

ቅዳሜ ጠዋት ማን ይመጣል ብዬ ሳስብ በሩ ተንኳኳ። የታችኛዋ ጎረቤታችን ናት፤ መሰላል ልትዋስ ነው የመጣችው። አማቴ ከወጥ ቤት ሆነው «አይቻልም!» ብለው ጮኹ። «እንፋሎት ላይ ነን!»

ጎረቤታችን አንገቷን አሰገገች። «ምነው፣ ፋብሪካ ከፈታችሁ እንዴ?»

«ኦቨን እያጸዳን ነው» አልኩ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ለኦቨን ነው ካፖርቱ?» አለች። «ጉድ እኮ ነው! የእኔ ባል ብርጭቆ ሲያጥብ ለምን የክብር ልብስ እንደማይለብስ እጠይቀዋለሁ።» መሰላሉን ሳትወስድ ሳቋን ይዛ ወረደች፤ ከታች በራቸው ሲከፈትና ወሬው ሲጀመር ሰማሁት።

መስታወቱ ላብ አወጣ። ከዚያ ጭጋግ ለበሰ። ቡናማ እንባ ከላይ ወደ ታች ይወርድ ጀመር። አማቴ ያን ሲያዩ ፊታቸው ላይ የበራውን መብራት እዚህ ልጽፈው ብሞክር አይሆንልኝም። «አየህ?» አሉኝ። «ተላቀቀ። እንፋሎት ሲሠራ አይጮህም። የሚጮህ ከሆነ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው።» በሁለት ዓመት ውስጥ ሳልጠይቃቸው የነገሩኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ የኦቨኑ ጥሪ ተሰማ። ጨርቁን ይዤ ቀረብኩ። አማቴ ክንዳቸውን እንደ ባቡር መንገድ አጥር ፊቴ ዘረጉ።

«ወዴት?»

«ልክፈተው ብዬ ነው። መመሪያው ለብ እያለ ይጠረጋል ይላል።»

«መመሪያውን የጻፈው ሰው ቦይለር ውስጥ ገብቶ ያውቃል?»

«አይመስለኝም።»

«እኔ ገብቼ አውቃለሁ። አንዴ አንድ ጀብደኛ፣ ስሙን አልጠራም፣ ገና በሙቀቱ ከፈተው። ብረቱ ተሰነጠቀ። ሆስፒታሉ አሥራ አንድ ቀን ያለ አንሶላ ቀረ። አሥራ አንድ ቀን! እኔ ባለሁበት በሙቀቱ የሚከፈት ነገር የለም። ፍጹም ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ይከፈታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

በእግሩ የሚሄደው እንቁላል በባለቤቴ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ወደ ቤት እየመጣ ነው ልላቸው ፈለግኩ። አላልኩም። እኔ ሥራዬ ላይ እንኳ ትልልቅ ጸሐፊዎች ሲሳሳቱ አልሰርዝባቸውም፤ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ትንሽ የጥያቄ ምልክት አድርጌ አልፋለሁ። የአማት ኅዳግ ደግሞ የት ነው? ጥርሴን ነክሼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

በየአምስት ደቂቃው የእጃቸውን ጀርባ መስታወቱ ላይ ያሳርፋሉ። «ገና» ይላሉ። ፖስታው ላይ «ገና» ብዬ አሥር ጊዜ ጽፌአለሁ። አራት ሰዓት ከአምስት ላይ «አሁን» አሉና እንደ ሙሽራ መጋረጃ በቀስታ ከፈቱት።

ቅባቱ ተመልሶ ተጋግሯል። ቅድም በእንባ ሲወርድ የነበረው ሁሉ ባለበት ደርቆ፣ ነጭና ዝልግልግ፣ እንደ ሻማ ቀልጦ እንደረጋ ሆኗል። ጎድጓዳው ውስጥ የቀረው ውሃ ላይ እንኳ ስስ ቆዳ ሠርቷል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ማለት ይህ ነው። ጠረኑ ደግሞ፣ የቀዘቀዘ ዶሮ ጠረን ከሞቀው ይብሳል።

አማቴ በጣታቸው ፈገፈጉት። ጥፍራቸው ሥር ገባ።  ከዚያ «ውሃው አንሷል» አሉ። «ሁለት ብርጭቆ እናድርግበት። አሁንም ተነሥቶ፣ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ…»

በልቤ ደመርኩት። ሠላሳ አምስት ደቂቃ እንፋሎት፣ ከአንድ ሰዓት የማያንስ ማቀዝቀዣ። ባለቤቴ ገብታ ሊጥ መትታ ኦቨኑ ፊት የምትቆምበት ጊዜ ነው። ሁለት ዓመት የለመነችው ቀን ታየኝ፤ ሰውዬው የማይደውልበት ነገም ታየኝ።

«አይሆንም» አልኩ።

ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም። አማቴም አላወቁትም መሰለኝ፤ ዞር ብለው ወደ በሩ አዩ።

«አይሆንም፣ አባባ» አልኩ እንደገና። «ቦይለሩ ቀዝቅዞ የሚከፈተው ቦይለሩ እንዳይሰነጠቅ ነው። ልክ ነዎት። እኛ ግን አሁን ብረት እያዳንን አይደለም፤ ቅባት እያባረርን ነው። ቅባት ደግሞ ሲቀዘቅዝ ቤቱ ይመለሳል። ሲሞቅ ነው መንገድ ላይ የሚገኘው። ያኔ ነው መያዝ ያለብን።»

 አማቴ ወደ መመሪያው ዞሩ።

«ስንተኛ ገጽ ነው ያልከኝ?»

«ሃያ ሦስት።»

«አንብብልኝ።»

አነበብኩላቸው።

«ድገመው።»

ደገምኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ከእኔ ክፍል ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነበር» አሉ። «የወጥ ቤቷ አለቃ፣ ድምፅዋ መኪና ያስቆማል፣ በየቀኑ ምሳ ሲያልቅ ‹ድስቱን በትኩሱ እጠቡት! ከቀዘቀዘ እናንተን አጥብበታለሁ!› እያለች ትጮህ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰማኋት። ይህች ሴት ስለ ሥራ ምን ታውቃለች እል ነበር።» በእጃቸው ጭናቸውን መታ መታ አደረጉ። «ታውቅ ኖሯል።»

ተነሥተው ውሃውን ራሳቸው ቀዱ። አንድ ብርጭቆ፤ ሁለት አላደረጉትም።

«ክፈት ስትል ይከፈታል» አሉኝ። «ፈረቃው ያንተ ነው።»

አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት። ኤሌክትሪክ ተለኮሰ። አማቴ ይህን ጊዜ መስታወቱን ሳይሆን እኔን ነው የሚያዩት። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ኦቨኑ እንደጠራ ስድስት ደቂቃ ጠበቅኩ፤ የእጄን ጀርባ መስታወቱ ላይ አኖርኩ፤ እንደታመመ ሕፃን ግንባር ይሞቃል።

«ይከፈት!»

እንፋሎቱ ወጥቶ መነጽሬን አሳወረው። አማቴ እስከ ክርናቸው ገቡ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የገባ ክንድ እኔ መኖሩን የማላውቀውን ጥግ ሁሉ ያውቃል፤ ከማራገቢያው ጀርባ፣ ከመብራቱ ክዳን ዙሪያ፣ ከበሩ ጎማ ሥር። ቅባቱ እንደ ፈላ ወተት ቆዳ እየተጠቀለለ ይነሣል። ጨርቅ ሲያልቅብን አማቴ ሳያመነቱ የካፖርታቸውን እጅጌ ተጠቀሙ። እኔ ሸሚዜን። አምስት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ኦቨኑ ውስጥ ሁለት ቀይ ፊቶች ይታዩ ነበር፤ የእኛው ናቸው፤ ብረቱ እንደ መስተዋት አብርቷል።

«ይሸታል?» አልኳቸው።

«እኔን ትጠይቃለህ? የእኔ አፍንጫ በከሰል ጢስ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። አንተስ?»

አሸተትኩ። ጠዋቱን ሙሉ ራሴን ዶሮ ውስጥ ከትቼ ስለዋልኩ ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ሆኖብኛል፤ ሳሙናውም፣ መስኮቱም፣ አማቴም። ባለቤቴ ደግሞ ታፍናለች። ሦስት አፍንጫ ባለበት ቤት የሚሠራ አንድ ጠፋ። ታችኛዋን ጎረቤት ልጥራ ብዬ ወረድኩ፤ ባሏ ብቻ ነበር፤ በሩን ከፍቶ ካየኝ በኋላ ሳቁን መግታት አቅቶት መልሶ ዘጋው።

ስመለስ ባለቤቴ ገብታ ኖሮ ኦቨኑ ፊት ቆማለች። አንዴ አባቷን በካፖርት፣ አንዴ እኔን በረጠበ ሸሚዝ አየችን።

«ምን ሆናችሁ ነው?»

«አጸዳንልሽ» አሉ አማቴ። እውነት ነው፤ ያልተነገረው ግን ብዙ ነው።

«ሁለታችሁ? አብራችሁ?» ዓይኗ በእንባ ሞላ፤ ጉንፋኑ ይሁን ሌላ ነገር አልለየሁም። «ለእኔ ብላችሁ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አማቴ ጣሪያውን ያዩ ነበር።

ኬኩ በሰዓቱ ገባ፤ በሰዓቱም ወጣ። ከፍ ብሎ፣ ወርቅ መስሎ፣ ምንም ሳይሰነጠቅ። ባለቤቴ ክሬሙን ቀባችው፤ እኛ ዕቃ ስናጥብላት ልብስ መቀየሩን ረሳነው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሲል እኔንና አባቷን ከላይ እስከ ታች አየችን። «እንደ ጋራዥ ሠራተኛ ሆናችሁ እንግዳ አትቀበሉልኝም። ልብስ ለመቀየርም ጊዜ የለም። ደረጃ ላይ ጠብቁኝ።»

አፍንጫው ደረጃውን ሲወጣ እኛ አንድ ፎቅ ከፍ ብለን ተደብቀን ነበር። ቀጭን ሰው ነው፤ አፍንጫውም እንደተወራለት ትልቅ አይደለም፤ እንዲያውም ትንሽ ናት። በሩ ተዘጋ። ወርደን ከበሩ በታች ያለው ደረጃ ላይ ተቀመጥን።

«ሠላሳ አንድ ዓመት» አሉ አማቴ በሹክሹክታ፣ «ሽንት ቤት በሄድኩ ቁጥር እንኳ እውነተኛውን ሰዓት ነው መዝገብ ላይ የጻፍኩት። ዛሬ ልጄን ዓይኗን እያየሁ ዝም አልኩ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባባ።»

«አውቃለሁ የአንተ እንደሆነ። እኔ የምልህ ዝምታው ከብዶኛል ነው።»

ሩብ ሰዓት አለፈ። በሩ ተከፈተ፤ «ነገ እደውላለሁ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ተዘጋ። አፍንጫው ይወርድ ጀመር። መንገድ ልንለቅለት ብድግ አልን። ሁለት ደረጃ ከእኛ በላይ ሲደርስ ቆመ። ራሱን ዘንበል አደረገ።

«ዶሮ» አለ።

አማቴ የካፖርታቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

«ዶሮ። በኦቨን የተጠበሰ። ጨውና ቁንዶ በርበሬ ብቻ። የትናንት።» ዓይኑን ከአማቴ እጅጌ ወደ እኔ ሸሚዝ አዘዋወረ። «ከላይኛው ቤት ናችሁ?»

«ነን» አልኩ።

«የዶሮውና የኬኩ ኦቨን አንድ ነው?»

የጎረቤት ዶሮ ነው ማለት ይቻል ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ጎረቤቶቼም ቢሰሙ ይቀየሙኝ እንጂ አይሞቱበትም። አማቴ ወደ እኔ ዞሩ።  ብቻ ጠበቁ።

«አንድ ነው» አልኩ። «ዓርብ ዕለት እኔ ነኝ የጠበስኩበት። ባለቤቴ እስካሁን አታውቅም። ዛሬ ሁለት ጊዜ በእንፋሎት አጽድተነዋል። የሚሸት ነገር ካለ የእኔ ጥፋት እንጂ የእሷ እጅ አይደለም።»

አፍንጫው መልስ ሳይሰጥ ተመልሶ ወጣ። ተከተልነው። ባለቤቴ በሩን ስትከፍት ሦስታችንንም አንድ ላይ አየችና ፊቷ አመድ መሰለ።

«ኦቨኑን ክፈቺልኝ» አላት።

ከፈተች። ሰውዬው ኮቱን አውልቆ ለአማቴ አስያዘ፤ ተንበረከከ፤ ራሱን እስከ ትከሻው አስገባ። ከውስጥ አንድ ረጅም ትንፋሽ ወደ ላይ ሲሳብ ተሰማ። ከዚያ ሌላ፣ ወደ ማራገቢያው በኩል። ባለቤቴ እጄን ያዘች፤ ለምን እንደያዘችው ሳታውቅ።

ወጣ።

«ምንም» አለ። የተናደደ ይመስል ነበር። «የቤት ኦቨን ሁሉ የሆነ ነገር ይሸታል። ኬኩ ላይ ምንም ሳጣ ነው የተጠራጠርኩት፤ ነገ እደውላለሁ ያልኩሽም ለዚያ ነበር። ዶሮ ተጠብሶበት እንዲህ የነጣ ኦቨን ግን በዕድሜዬ አላጋጠመኝም።» ኮቱን ለበሰ። «በሚመጣው ወር ሦስት ሠርግ አለ። ሦስቱንም አንቺ ትጋግሪያለሽ።» ከዚያ ወደ አማቴ ዞረ። «እንዴት አጸዳችሁት?»

«እንፋሎት» አሉ አማቴ ደረታቸውን ነፍተው። «ዋናው ነገር ለብ እያለ መጥረግ ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።»

አየኋቸው። አላዩኝም።

ሰውዬው ሄደ። ባለቤቴ በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችው። ደስታው ፊቷ ላይ ወጣ፤ መሀል መንገድ ላይ ግን ቆም አለ።

«ዶሮ?» አለች።

«እኔ ትንሽ ጋደም ልበል፤ ዓይኔ ደከመ» አሉ አማቴ፤ ቦይለር ሲያፏጭ ሸሽተው የማያውቁት ሰው በፍጥነት ወደ ክፍላቸው ገቡ።

«በእኔ ኦቨን?»

«ባንቺ ኦቨን።»

«ዓርብ? እኔ ሐኪም ቤት አግዳሚ ላይ ደረቅ ብስኩት እየቆረጠምኩ ሳለ?»

«አዎ።»

«ሙሉ ዶሮ?»

ወለሉን አየሁ። «ሙሉ።»

«ክንፍ እንኳ ሳታስቀር?»

«ክንፍ እንኳ።»

 ባለቤቴ ሽርጧን ፈትታ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ።

«ለኦቨኑ ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። «ለክንፉ ግን አላልኩም። ሱቁ ሳይዘጋ ሂድ።»

ደረጃውን ሽርጥ እንደለበስኩ ወረድኩ። ታችኛዋ ጎረቤታችን በሯ ላይ ቆማ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ የጠበቀችኝ ትመስል ነበር።

«አሁንስ ወዴት ነው?» አለች።

«ዶሮ ልገዛ» አልኩ፤ ባሏ ከውስጥ ሲስቅ ሰማሁት።